ከዱባይ ጓንጁ፦ መሄጃው 11 ሰዓት፣ መመለሻው 4 ሰዓት?

እህቴ፣ ትኬትሽ ስህተት የለበትም። ጠዋት 4:00 ከዱባይ ተነስተሽ ማታ 3:15 ቻይና፣ ጓንጁ ትደርሻለሽ ይላል፤ ስትመለሺ ደግሞ ሌሊት 6:15 ተነስተሽ 10:30 ዱባይ። «እንዴት አንዱ መንገድ 11 ሰዓት፣ ሌላው 4 ሰዓት ይሆናል?» ነው ጥያቄሽ።

ትኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ቻይና ዱባይን በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ሁለቱም አገሮች እንደ አውሮፓ በየወቅቱ ሰዓት ስለማይቀይሩ ይሄ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ስትሄጂ 4 ቀንሺ፣ ስትመለሺ 4 ደምሪ፦ መሄጃሽ 7 ሰዓት ከሩብ፣ መመለሻሽ 8 ሰዓት ከሩብ ይመጣል። አጭር የመሰለሽ ነው ረጅሙ!

ርቀቱ በአየር ወደ 5,830 ኪሎ ሜትር ነው። ያቺ የአንድ ሰዓት ብልጫ ታዲያ ከየት መጣች? ከነፋስ። አውሮፕላኑ በሚበርበት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። በተለይ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሂማላያ በስተደቡብ፣ በሰሜን ህንድ ሰማይ ላይ ይወርዳል፤ የዚህ በረራ መንገድም በዚያው በኩል ነው። ወደ ቻይና ስትሄጂ ከኋላ ይገፋሻል፣ ስትመለሺ ፊት ለፊት ይገጥምሻል። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስበት ቀን ብርቅ አይደለም። ከወንበርሽ ፊት ያለው ስክሪን ላይ ካርታውን ብትከፍቺ አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር የሚሄድበትን ፍጥነት ታያለሽ፤ ሲሄድ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ፣ ሲመለስ ከ800 በታች ሲወርድ ነው ልዩነቱ የሚገባሽ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ይሄ ነፋስ ከቲቤት ወደ ሰሜን ይሸሻል፤ ያኔ መሄጃና መመለሻው ይቀራረባል። እዚያ ደቡብ እስያ ላይ በዚያ ወቅት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ሌላኛው ነፋስ እስከ አፍሪካ ይዘልቃል፤ የኛ ክረምት ዝናብም ከሱ ጋር ይያያዛል። ይሄ እንኳ ለወሬ ያህል ነው።

ከሰዓቱ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። መመለሻሽ «ጥቅምት 12፣ 00:15» (ሌሊት 6:15) ከሆነ፣ በኛ አነጋገር የ11 ሌሊት ማለት ነው። ጥቅምት 11 ማታ 3 ሰዓት ላይ ባይዩን፣ የጓንጁ ኤርፖርት መገኘት አለብሽ። አንዲት የማውቃት ነጋዴ «12 ማታ ነው» ብላ ሆቴል ተኝታ ሌላ ትኬት ቆርጣለች። ያውም የካንቶን ፌር (የጓንጁ ትልቁ የንግድ ትርኢት) ሰሞን፣ ዋጋው ሰማይ በነካበት።

ሌላው፣ ከዱባይ ወደ አዲስ የሚወስድሽ ትኬት ለብቻው የተቆረጠ ከሆነ አየር መንገዱን አስቀድመሽ ጠይቂ። ሻንጣሽን በቀጥታ ካላሳለፉልሽ ዱባይ ወጥተሽ ተቀብለሽ እንደገና ማስረከብ ሊኖርብሽ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቪዛ ያስፈልግሻል። ቪዛሽ የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነና ስትሄጂ ከተጠቀምሽበት፣ ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ማስቆረጥ ይሻልሻል።