መልስ፦ ገንዘብ የሚሰጠው መንግሥት በአማርኛው ዜና ላይ ያዛል?

«የውጭ ጣቢያዎች የአማርኛ ክፍል የመንግሥታቸው አፍ ነው ወይ?» ላሉት፣ በጀቱንና የዜና ውሳኔውን ለይቶ ማየት ይበጃል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛን የጀመረው የእንግሊዝ መንግሥት በመደበለት ልዩ ድጎማ ሲሆን፣ በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚያሰራጭም ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጋር ይስማማል፤ የዕለቱን ዜና የሚመርጡት ግን አዘጋጆቹ ናቸው። የጀርመኑ ዶይቸ ቬለም የሚተዳደረው፣ እንደ አገር ውስጥ ጣቢያዎቹ ከአድማጭ ክፍያ ሳይሆን፣ ከፌዴራል በጀት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቧንቧውን የመዝጋት ሥልጣን ነው። የአሜሪካ ድምፅ ዜናው ትክክለኛና ሚዛናዊ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1976 በሕግ ቢደነገግም፣ በ2025 መጋቢት ላይ ከወጣ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ማግስት አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ ተደርገዋል፤ ማንም አንድም ዓረፍተ ነገር ማረም አላስፈለገውም።

እዚህ ባሕር ዳር አባቴ ማምሻውን በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ የሬዲዮናቸውን አንቴና ወደ ጣና አዘንብለው አጭር ሞገድ ይፈልጋሉ። ስለ አገራችን የሚነገረውን በጥሞና ያዳምጡና፣ ጣቢያው ስለ ራሱ መንግሥት ሲያወራ ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኔም የምመዝነው በዚያው ነው።