ታንኩን ከመቀየርሽ በፊት ሶኬቱን እዪው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምነዳው ከአውሮፓ የመጣ ቶዮታ ራቭ ፎር ነው። የመስታወት ማጠቢያ ውሃ አልቋል የሚለው መብራት ከበራ ሰነባበተ። ውሃውን አፉ ድረስ ሞልቼዋለሁ፣ መብራቱ ግን አይጠፋም። የፊቱ በደንብ ይረጫል፤ የኋላው ብቻ ደከም ብሏል። አንድ ጋራዥ ወስጄው "ታንኩ ከነሴንሰሩ ይቀየር፣ ዕቃው ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው" አሉኝ። እቤት ሆኜ ልሠራው እችላለሁ? ካቻቢቴና ፒንሳ አለኝ።
ከጅማ፣ ቆጪ

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ትችያለሽ። ታንኩን ተይው። ካልተሰነጠቀና ካልፈሰሰ ታንክ ምን በወጣው ይቀየራል? ውሃው እየተረጨልሽ ስለሆነ ፓምፑም ደህና ነው። የቀረው ሴንሰሩ፣ ሶኬቱና ሽቦው ነው። እዚህ ጅማ በዚህ መብራት ምክንያት ወደኔ ከሚመጡት መኪኖች አብዛኞቹ ሴንሰራቸው አልሞተም። ወይ ሶኬቱ ጭቃ ጠጥቷል፣ ወይ ተንሳፋፊው በዝቃጭ ተይዟል። ሁለቱም በጽዳት የሚድኑ ናቸው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አረጋግጪልኝ። የበራው መብራት መስታወት ላይ ውሃ ሲረጭ የሚያሳየው ነው አይደል? ቴርሞሜትር በውሃ ውስጥ የቆመበት ምልክት ከሆነ የሞተር ሙቀት ነው። ያ ቀልድ አያውቅም፤ ዳር ይዘሽ ሞተሩን አጥፊ። ኮፈኑ ውስጥም ሁለት የውሃ መያዣ እንዳለ አትርሺ። ክዳኑ ላይ የሚረጭ ውሃ የተሳለበት የመስታወቱ ነው። ሎውና ፉል የሚሉ መስመሮች ያሉት የራዲያተሩ ነው። የሳሙና ውሃ ራዲያተር ውስጥ የሚጨምር ሰው አለ፣ ስለዚህ ነው ደጋግሜ የምናገረው።

ሴንሰር ሲባል ሰው ረቂቅ ነገር ይመስለዋል። ይሄኛው ግን ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ውስጡ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አለ። በቱቦው ውስጥ ሁለት ስስ የብረት ምላሶች አሉ። ከውጭ በኩል ደግሞ ማግኔት የተቀበረበት ተንሳፋፊ ፕላስቲክ አለ። ውሃው ሲጎድል ተንሳፋፊው ማግኔቱን ይዞ ይወርዳል። ያኔ ምላሶቹ ይገናኛሉ ወይም ይለያያሉ፤ እንደ መኪናው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራትም ይበራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ቦታውን እንፈልገው። ውሃ የምትሞዪበትን አንገት በእጅሽ ተከትለሽ ወደታች ውረጂ። ታንኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከፊት ጎማ ፊት ለፊት፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ለመድረስ ከጎማው በላይ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ ሽፋን የፊተኛውን ክፍል ብቻ መፍታት ይበቃል። ታንኩ በቀኝ ከሆነ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዙሪ፤ በግራ ከሆነ ወደ ቀኝ። እጅ የሚያስገባ ቦታ ይከፈትልሻል። ሽፋኑን የያዙት የፕላስቲክ ክሊፖች መሃላቸው ላይ ትንሽ ቁልፍ አላቸው። እሷን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ አድርገሽ ወደ ውጭ አንሺያት፣ ከዚያ ክሊፑ በሙሉ ይወጣል። በጉልበት ከጎተትሽው ይሰበራል። በክሪክ ማንሳት ግድ ከሆነብሽ የኋላውን ጎማ ታኮ አድርጊ፣ ከመኪናው ሥርም ጠንካራ ማቆሚያ አስገቢ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እጁን አያስገባ።

ሽፋኑ ሲወርድ ቀይ ጭቃ ይዘረገፍብሻል፣ አትደንግጪ። ጅማ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ መስከረም ብዙም አይለቀን፤ የአጋሮን መንገድ የሚመላለስ መኪና ደግሞ እዚያ ኪስ ውስጥ ሙሉ ክረምቱን ያጠራቅማል። ጭቃውን በውሃና በብሩሽ አጥበሽ አስወግጂ። ያኔ ታንኩ ላይ የተሰኩ ነገሮች ይታዩሻል። የጎማ ቱቦ የወጣበት ፓምፑ ነው። ሽቦ ብቻ ያለው፣ ቱቦ የሌለው፣ እሱ ሴንሰሩ ነው። ሁለቱን አታምታቺ። ከዚህ በታች የምነግርሽን ፈተና የፓምፑ ሶኬት ላይ ካደረግሽው ፊውዝ ልታቃጥዪ ትችያለሽ።

ታንኩ አሁን ሙሉ ነው ብለሻል። ጥሩ፣ ሳትደፊው እንፈትነው። የሴንሰሩን ሶኬት ምላሱን ተጭነሽ ንቀዪው። ሞተር ሳታስነሺ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጊና መብራቱን እዪ። ቸኩለሽ አትፍረጂ። ውሃው ኩርባ ላይ በተናጠ ቁጥር መብራት እንዳይበራ ሲባል አንዳንድ መኪና ሆነ ብሎ ይዘገያል። ቁልፉን አጥፍተሽ መልሰሽ አብሪና ትንሽ ጠብቂ።

መብራቱ ከጠፋ ሽቦው ደህና ነው፣ "ውሃ የለም" እያለ የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው ማለት ነው። ካልጠፋ ደግሞ ከመኪናው በኩል ያለውን ሶኬት ሁለቱን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኚያቸው። አሁን ከጠፋ አሁንም ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወይም ከሶኬቱ ንክኪ ነው። ተነቅሎም ተገናኝቶም ካልጠፋ ግን ሴንሰሩን ይቅር በዪው። ሽቦው መንገድ ላይ ተቆርጧል ወይም እርስ በርሱ ተነካክቷል። ይሄ የማገናኘት ነገር የሚሠራው ሁለት ሽቦ ላለው ሶኬት ብቻ ነው። ሦስት ሽቦ ካየሽ አትንኪው።

ሶኬቱ ውስጥ አሁን በስልክሽ መብራት አጮልቀሽ እዪ። ፒኖቹ ብረት መልክ ካላቸው ጥሩ። እንደ አሮጌ ሳንቲም አረንጓዴ ነገር ከለበሱ ግን መልሱን አገኘሽው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል ፈትጊው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ደጋግመሽ ሰክተሽ ንቀዪው። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል፤ ቀሪውን ማንበብም ላያስፈልግሽ ይችላል። ስትመልሺው የሶኬቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ጎሚኒ፣ ማለትም ውሃ የምትከላከለውን ላስቲክ፣ እዪያት። ከሌለች ወይም ከተቀደደች ውሃ እንደገና ይገባል።

መብራቱ አሁንም ካለ ሴንሰሩን እናወጣዋለን። እሱን ለመንቀል ታንኩ ባዶ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ክንድሽ እስከ ብብትሽ ይታጠባል። የውሃ መሙያውን ክዳን ክፈቺ፣ ባልዲ ከሥር አድርጊ፣ ቱቦውን ከፓምፑ ላይ ንቀዪ። ውሃው በራሱ ይወርዳል። ማጠቢያውን እየጫንሽ ለመጨረስ እንዳትሞክሪ። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በሚያልፍበት ውሃ ነው፣ ደረቁን ካሽከረከርሽው ይቃጠላል።

ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ በጎሚኒ ውስጥ ተጠቅጥቆ ነው የሚገባው። ግራ ቀኝ እያወዛወዝሽ በቀስታ ሳቢው። በካቻቢቴ ፈልቅቀሽ ካወጣሽው ታንኩን ትበሺዋለሽ፣ ያን ጊዜ የጋራዡ ሰው እውነቱን ይሆናል።

ሲወጣ ተንሳፋፊውን በጣትሽ ከፍና ዝቅ አድርጊው። ያለ ምንም መያዝ መንሸራተት አለበት። ብዙ ሰው የሚያገኘው አረንጓዴ ሙልጭልጭ ያለ ነገር፣ አለዚያም የተጋገረ ኦሞ ነው። የዱቄት ሳሙና ታንክ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ታች ይዘቅጥና ተንሳፋፊው ላይ ይጋገራል። ሴንሰሩን ለብ ባለ ውሃና በአቼቶ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አጽጂው። ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩንና ጎሚኒውን ያበላሻሉ። በረኪናም አልወድም፤ ብረት ይበላል። ታንኩንም በዚያው አለቅልቂው፤ ሴንሰሩን ብቻ አጥበሽ ዝቃጩን እዚያው ከተውሽው ብዙም ሳይቆይ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፓምፑንም ስበሽ ካወጣሽው ታንኩ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። እሷንም ካየሻት አይቀር እጠቢያት።

ቴስተር፣ ማለትም የኤሌትሪክ መለኪያ፣ ያለው ጎረቤት ካለሽ ለደቂቃ ተዋሺ። ድምፅ የሚያሰማው ቦታ ላይ አድርገሽ ሁለቱን ጫፎች የሴንሰሩ ፒኖች ላይ ያዢና ተንሳፋፊውን ከፍ ዝቅ አድርጊ። አንዴ ጢጥ ካለ አንዴ ዝም ካለ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ሁሌ ጢጥ ወይም ሁሌ ዝም ከሆነ ሞቷል። ይህን ፈተና በአምፖልና በባትሪ የሚያደርጉ ልጆች አያለሁ። እነዚያ ስስ ምላሶች የአምፖል ከረንት አይችሉም፣ ተጣብቀው ይቀራሉ። ደህናውን ገድለው "ሞቷል" ይሉሻል።

ሽቦው ከሆነ ችግሩ ከሶኬቱ ወደ ላይ በእጅሽ እየዳሰስሽ ሂጂ። ቡና መጋዘን አጠገብ የምታሳድሪ ከሆነ መጀመሪያ የአይጥ ጥርስ ፈልጊ። እዚህ ከተማ ከአይጥ የከፋ የኤሌትሪክ ጠላት የለም። የተቆረጠውን ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ሳሎን ውስጥ ያስኬድ ይሆናል፣ ፓራፋንጎ ሥር ግን አንድ ክረምት አይሻገርም። በካውያ ይበየድ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ላስቲክ ይልበስ። ካውያ ከሌለሽ ይህችን ብቻ ለባለሙያ ተይለት፤ ቦታውን ራስሽ ስላገኘሽው የሚያስከፍልሽ የመበየዱን ብቻ ነው።

ሴንሰሩ የእውነት ከሞተ ለብቻው ይገዛል። ፎቶ አንሺው፣ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ጨምሪ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ ሶማሌ ተራ ይፈልግልሽና በአውቶቡስ ይላክልሽ። መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ አትውሰጂ። ወደ ጎሚኒው የሚገባው ውፍረቱ፣ የተንሳፋፊው ርዝመትና የሶኬቱ ቅርጽ መግጠም አለባቸው። አሠራሩም ይለያያል። አንዱ ሲሞላ ይገናኛል፣ ሌላው ሲጎድል። የተገላቢጦሹን ከገዛሽ ውሃው ሞልቶ ይበራል፣ ሲያልቅ ይጠፋል። ስትገጥሚው ጎሚኒውን በሳሙና ውሃ አርጥቢው እንጂ ግሪስ አትቀቢው፤ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል። ሽፋኑን ከመመለስሽ በፊት ደግሞ ታንኩን ሞልተሽ ጠብታ እንደሌለ እዪ።

ዕቃው እስኪመጣ መኪናውን ንጂ፣ ምንም አይልሽም። ሶኬቱን ነቅለሽ መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ ነቅለሽ ጫፉን በላስቲክ ሸፍነሽ ንጂ፣ ውሃውን በየሳምንቱ በዓይንሽ እዪ። መብራቱን በፕላስተር መሸፈን ግን አልወድም። በአንዳንድ መኪና ያው አንዱ መብራት ለሌላ ማስጠንቀቂያም ያገለግላል፣ እውነተኛው ሲመጣ አታዪውም።

የቮልስዋገን ዓይነት የጀርመን መኪና የያዛችሁ አንባቢዎች፣ የእናንተ ይለያል። ብዙዎቹ ላይ ተንሳፋፊ የለም። ሁለት የብረት ጣቶች ውሃው ውስጥ ገብተው ከረንቱ በውሃው በኩል ሲያልፍ ነው "ውሃ አለ" የሚሉት። እነዚህ ሲቆሽሹ በአቼቶና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳሉ። ሌላም ጉድ አለ። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ብቻ ከሞላችሁ መብራቱ ሊበራ ይችላል። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከረንት በደንብ አያሳልፍም። የቧንቧ ውሃ ቀላቅሉበት። ጨው እንዳትጨምሩ፣ ብረቱን ይበላዋል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ጅማ ውሃ የሚያስረጋ ብርድ ስለሌለ ያን ከውጭ የሚመጣ ሰማያዊ ፈሳሽ መግዛት ግድ አይደለም። ንጹሕ ውሃና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የኋላው መስታወት ውሃ ደካማ የሆነው መጀመሪያ የሚረጭባት ቀዳዳ ስለተደፈነች ሊሆን ይችላል። ቀጭን የስፌት መርፌ አስገብተሽ ክፈቻት፣ ግን አታስፊያት። ካልተሻለው አንድ ሰው ማጠቢያውን እየጫነ አንቺ ቱቦውን ተከተዪው። የኋላ በሩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ መሰንጠቅ ይወዳል፤ በሩን ስትከፍቺ ጣራው ጨርቅ ላይ እርጥበት ካየሽ እዚያው ነው። የተሰነጠቀውን ቆርጠሽ በዚያው ውፍረት ባለ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ቀጥዪው።