መልስ፦ ለሶላር ባትሪዬ ጄኔሬተር ልጨምር ወይ?
ሰላም ወንድሜ። ከጎንደር ወጣ ብሎ ላለው ቤትህ፣ 12 ቮልት 200 አምፔር አወር ባትሪህ ላይ ጄኔሬተር ልጨምር ወይ ብለሃል። ጨምር! በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ፓኔል ብቻ አምኖ የተቀመጠ ሰው እራቱን በሻማ ነው የሚበላው።

ግን አደራ፣ ጄኔሬተሩን ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ሳጥን) መውጫ ላይ እንዳትሰካው። እኔ ሰክቼው ኢንቨርተሬ ባንዴ ጭስ ሆኗል። ጄኔሬተሩ ቻርጀር ያንቀሳቅስ፣ ቻርጀሩ ባትሪውን ይሙላ፣ በቃ። ጄኔሬተሩ ላይ ያለችው የ12 ቮልት መውጫም አታታልህ፤ ጉልበት የላትም፣ ባትሪው ሲሞላም ማቆም አታውቅም።

ባትሪህ የአሲድ ከሆነ የ20 አምፔር ቻርጀር ይበቃዋል፣ እሱም ከጄኔሬተሩ 400 ዋት ገደማ ይስባል። ችግሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ 1 ኪሎ ዋት የተጻፈበት እዚህ 750 ዋት ቢሰጥህ ነው። ይበቃሃል፣ ትልቅ ገዝተህ ቤንዚን አታቃጥል፣ ያውም ከተገኘ።

ጠዋት ጄኔሬተሩን አስነሳና ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ አጥፋው፣ ቀስ እያለ የሚሞላውን ቀሪውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች። መስኮት አጠገብ ግን አታስቀምጠው፣ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።