ሳይታዘዝ የሚጠፋ የቤት ፋይል ሰርቨር፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ የሚያተኩረው በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቤት ውስጥ ለፎቶ፣ ለሰነድና ለቪዲዮ ማስቀመጫ የቆመ ሰርቨር ማንም ሳያጠፋው መጥፋቱ ነው። ከአራዳ፣ ከልደታና ከቂርቆስ የደረሱትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ስመለከታቸው፣ ብዙዎቹ ጠያቂዎች መንስኤው ሳይለይ ዕቃ ወደ መቀየር ገብተዋል። ስለዚህ መልሶቼ በአብዛኛው የሚያተኩሩት መንስኤው በሚለይበት መንገድ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለ አራት ዲስክ ሰርቨሬ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ያየው ባለሙያ ፓወር ሰፕላዩን (ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል) ቀይር ብሎኛል፤ ልግዛ?

መልስ፦ እባክዎ ገና አይግዙ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ማሽኑ በሥርዓት ተዘግቶ ነው የጠፋው ወይስ ኃይል በድንገት ተቋርጦበት የሚለው ነው፤ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም መንስኤያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ከሆነ ካለፈው ቡት (ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት ተነሥቶ ከሠራበት ጊዜ) የቀረውን የሲስተም ጆርናል፣ ማለትም የሲስተሙን የክንውን መዝገብ፣ የመጨረሻ መስመሮች ያንብቡ። አገልግሎቶች ተራ በተራ መቆማቸውን የሚገልጹ መስመሮች ካገኙ ማሽኑ የጠፋው በትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል ከሚሰጠው ዕቃ) መቆጣጠሪያ ፕሮግራም፣ ከማብሪያ ቁልፉ፣ ከሙቀት መከላከያው ወይም በሰዓት ከተያዘ ቀጠሮ ሊመጣ ይችላል። ጆርናሉ በአንድ ተራ መስመር ላይ ድንገት ተቆርጦ ከቀረ ግን ወይ ኃይል ተቋርጧል፣ ወይ ማሽኑ አስቀድሞ ስታክ አድርጎ ነበር። በአንዳንድ ስሪቶች ጆርናሉ የሚቀመጠው በሜሞሪ ላይ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ዛሬውኑ ያስተካክሉት።

በዊንዶውስ ደግሞ ኢቨንት ቪወር (የክስተቶች መዝገብ ማሳያው) ውስጥ ቁጥር 1074 ማሽኑ በሰው ወይም በፕሮግራም ትእዛዝ መዘጋቱን፣ ያዘዘውንም ጭምር ያሳያል። ቁጥር 6008 እና ከርነል ፓወር 41 ያልታሰበ መቋረጥን ያመለክታሉ። ቁጥር 41 ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ መልእክቱ የሚናገረው ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ ዳግም መነሣቱን ብቻ ስለሆነ፣ ፓወር ሰፕላይ ለመበላሸቱ ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ሌላው ምስክር ራሳቸው ዲስኮቹ ናቸው። በስማርት መረጃቸው (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት በሚይዘው መዝገብ) ውስጥ ቁጥር 192 በብዙ ዲስኮች ላይ የማንበቢያው ራስ በድንገተኛ የኃይል መቋረጥ የተሰበሰበበትን ጊዜ ይቆጥራል። ከመጥፋቱ በፊትና በኋላ ቁጥሩን ጽፈው ያስተያዩ። በአራቱም ላይ እኩል ከጨመረ መቋረጡ የመላው ማሽን ነው፤ በአንዱ ላይ ብቻ ከጨመረ ግን የዚያን ዲስክ የኃይል ገመድና ማያያዣ ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ እንጀራ መጋገር ስትጀምር ሰርቨሩ ይጠፋል። የቤቱ አምፖል ደብዘዝ ይላል እንጂ አይጠፋም። ጋሼ፣ ምጣዱና ሰርቨሩ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ የሚያገናኛቸው የቤቱ መስመር ነው፤ ይህን ግንኙነት ራስህ አስተውለህ መጻፍህ ደግሞ ግማሹን ሥራ አቅልሎታል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ከቆጣሪው እስከ ቤትህ ያለው ሽቦ ከቀጠነ ወይም አንዱ ማያያዣ ከላላና የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) 1 ኦም ብቻ ከደረሰ፣ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር 16 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። የሰፈሩ ቮልቴጅ አስቀድሞ ዝቅ ያለ ከሆነ ይህ ተጨማሪ ውድቀት ደካማ ፓወር ሰፕላይን ለመጣል ይበቃል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተህ በሰርቨሩ ሶኬትና በቆጣሪው መውጫ ላይ፣ ምጣዱ ሲጠፋና ሲበራ፣ ቮልቴጁ ይለካ። ቆጣሪው ጋ ብዙም ሳይለወጥ ሶኬቱ ጋ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የቤታችሁ ሽቦ ነው፤ ይህ ከሰርቨሩ በላይ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የላላ ማያያዣ 16 አምፔር ሲያልፍበት ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል የሚል ከሆነና በ190 ቮልት የሚጠፋ ከሆነ ዕቃው ራሱ ደክሟል፤ ከ200 በላይ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ግን ጥፋተኛው እርሱ አይደለም። እስከዚያው ምጣዱና ሰርቨሩ በአንድ ማከፋፈያ ላይ እንዳይሰኩ እናትህን በትሕትና አስረዳቸው።

ጥያቄ፦ ስታቢላይዘር አለኝ፤ ዩፒኤስ ደግሞ ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያጠራቅምም። የቮልቴጁ መዋዠቅ ከአቅሙ ካለፈ ራሱ መስመሩን ቆርጦ ለጥቂት ደቂቃ ያቆያል፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩን የሚያጠፋው እርሱ ይሆናል። መደበኛ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ያለ ኃይል መቆየት የሚጠበቅበት ወደ 16 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዩፒኤስ ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ዩፒኤስ ገዝቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ እየጮኸ ይቆያል፤ ሰርቨሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለት ነገሮችን እጠረጥራለሁ፤ የባትሪ ድካምንና የሞገድ አለመጣጣምን። ሰርቨሩን ነቅለው በምትኩ ክር ያለው የድሮ 100 ዋት አምፖል ይሰኩና ዩፒኤሱን ከግድግዳው ይንቀሉት። አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል። በእነዚህ አነስተኛ ዩፒኤሶች ውስጥ ያለው 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ቶሎ ይደክማል።

አምፖሉ በደንብ ከበራ ግን ትኩረትዎን ወደ ሞገዱ ያዙሩ። ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት እንደ ግድግዳው መስመር ለስላሳ የሆነውን ንጹሕ ሳይን ሞገድ ሳይሆን በደረጃ የተቆራረጠ ነው። አክቲቭ ፒኤፍሲ (የሚስበውን ከረንት ከመስመሩ ሞገድ ጋር የሚያስማማ ሰርኪት) ያለው ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለውን ሞገድ ሲቀበል፣ በተለይም ከመስመር ወደ ባትሪ በሚሻገርበት ቅጽበት፣ ሊጠፋ ይችላል። መፍትሔው ንጹሕ ሳይን የሚሰጥ ዩፒኤስ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ከሚያውቁት ሰው ተውሰው በራስዎ ሰርቨር ላይ ቢሞክሩት እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ሕንፃችን ጄኔሬተር አለው። ጄኔሬተሩ እየሠራ ሳለ ዩፒኤሱ ባትሪውን ጨርሶ ሰርቨሩን ይዘጋዋል።

መልስ፦ የጄኔሬተሩ ፍሪኩዌንሲ ከ50 ሄርዝ ወዲያና ወዲህ ሲዋዥቅ ዩፒኤሱ መስመሩን ጤነኛ ነው ብሎ አይቀበለውም፤ በባትሪው መሥራቱን ይቀጥላል። ዩፒኤሱ የሴንሲቲቪቲ (ለመስመሩ መዋዠቅ ያለው ስሱነት) ማስተካከያ ካለው ዝቅ ያድርጉት፤ የጄኔሬተሩን ፍጥነት ደግሞ የሕንፃው ቴክኒሻን እንዲያስተካክለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ሰርቨር የሚጠፋበት ቀን አይታወቅም፤ አንዴ በወሩ 23፣ ሌላ ጊዜ በ28። ሁልጊዜ ግን ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነው። ሲስተሙ ዴቢያን ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በልዩ ደስታ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም ያለ ሥርዓት የመሰለዎት የተቆጠረው በእኛ የቀን መቁጠሪያ ስለሆነ ነው። በዴቢያን ላይ ያለው የሊኑክስ ሶፍትዌር ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ አጣምሮ የሚያሠራው ሥርዓት) በአውሮፓውያን ወር የመጀመሪያ እሁድ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ ለፍተሻ ዲስኮቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይጀምራል። የእነርሱ ወር የሚገባው የእኛ ወር ሃያዎቹን ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ያ እሁድ አንዴ በ23፣ አንዴ በ28 ቢውል አያስገርምም። የሰርቨሩ ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ሳይስተካከል በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ፍተሻው የሚነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ፍተሻው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ መቆምም የለበትም። ለብዙ ሰዓታት ዲስኮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያሠራ በሌላው ቀን የማይታየውን ድካም ያወጣዋል። አጠገቡ ሆነው በቀን ያስጀምሩትና የዲስኮቹንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ይከታተሉ። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ጨምሮ ማሽኑ ከጠፋ ማቀዝቀዣውን፣ ሙቀቱ ሳይጨምር ከጠፋ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ይመርምሩ፤ የ12 ቮልቱ መስመር በጭነት ጊዜ ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም።

ጥያቄ፦ ለረጅም ሰዓት ሳልነካው ቆይቼ ፋይል ስከፍት ያን ጊዜ ይጠፋል።

መልስ፦ ተኝተው የነበሩት ዲስኮች በአንድ ላይ ሲነሡ ነው። አንድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሲነሣ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ እስከ 2 አምፔር ገደማ ሊስብ ይችላል። ዲስኮቹ እንዳይተኙ አድርገው ለጥቂት ሳምንታት ይመልከቱ፤ መጥፋቱ ከቆመ ፓወር ሰፕላዩ በእርግጥ መቀየር አለበት።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ከፍታ ሰርቨር ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ብቻውን አያጠፋም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው ከተማችን አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ፋን የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ናቸው። ሰርቨሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥና አቧራውን አለማጽዳት ከከፍታው ይበልጥ ይጎዳዋል።

ጥያቄ፦ መንስኤው እስኪገኝ ድረስ ፎቶዎቼን እንዴት ላድን?

መልስ፦ ከማንኛውም ምርመራ በፊት የማይተኩትን ፋይሎች ወደ ውጫዊ ዲስክ ቅዱና ዲስኩን ከሰርቨሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ፤ ሬይድ አንድ ዲስክ ሲበላሽ ይረዳል እንጂ ፋይል እየተጻፈ ሳለ ኃይል በድንገት ቢቋረጥ ፋይሉን አያድነውም። በባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ደግሞ ኃይል ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ለጊዜው አጥፉት። መብራት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ይሄዳል ይመጣል፤ ሰርቨሩ በእያንዳንዱ እየተነሣ ከሚወድቅ፣ መብራቱ እስኪረጋ ጠብቃችሁ በእጃችሁ ብታበሩት ይሻላል።