ከውህደቱ ዜና በፊት ሂሳቡን አንብቡ

ልጆቼ፣

እዚህ አሜሪካ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሂሳብና በኦዲት ሥራ ነው። አሁን አሁን ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ይመጡና "ይሄ አክሲዮን በሳንቲም ነው የሚሸጠው፤ ኩባንያው ሊዋሃድ ነው አሉ፤ ልግዛ?" ይሉኛል። በደብል ሺፍት ያጠራቀሙት ገንዘብ ስለሆነ እሰጋለሁ።

"ሼል" የሚባለው ኩባንያ ሥራ የለውም፤ ቢኖረውም ለስሙ ያህል ነው። ያለው ትልቁ ነገር ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮኑ ነው። አንድ የግል ኩባንያ አክሲዮኑን በራሱ ለሕዝብ ለመሸጥ የሚሄድበትን ረጅም መንገድ ትቶ ከዚህ ባዶ ኩባንያ ጋር ይዋሃዳል። በወረቀት ገዢው ባዶው ነው። በተግባር ግን የግሉ ኩባንያ ባለቤቶች አብዛኛውን አክሲዮን ይዘው ቤቱን ይረከባሉ። ሪቨርስ ሜርጀር የሚሉት ይሄንን ነው። ሕጋዊ ነው።

ታዲያ ሥራ የሌለው ኩባንያ ለኦዲተርና ለጠበቃ የሚከፍለውን ከየት ያመጣል? 10-ኬ የሚባለውን ዓመታዊ ሪፖርት ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው ይሄንን ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ብድር ነው፤ ከኃላፊው ወይም ከትልቁ ባለአክሲዮን የተወሰደ። ብድሩ ወደ አክሲዮን የሚቀየር ከሆነ ቆም በሉ። በስንት ዋጋ ይቀየራል? ከገበያው በታች ከሆነ አበዳሪው በርካሽ ብዙ አክሲዮን ያፍሳል፤ የናንተ ድርሻ ይሳሳል። ይሄ በውህደቱ ዜና ላይ አይወጣም፤ ከሂሳቡ ጀርባ ባሉት ማብራሪያዎች ውስጥ ግን ተጽፏል። ያልተከፈለ ዕዳና ክስም ከውህደቱ በኋላ ከኩባንያው ጋር ይቀጥላል። ኦዲተሩ ኩባንያው መቀጠል መቻሉ ያጠራጥራል ብሎ ከጻፈ "ሼል ስለሆነ የተለመደ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ያለው ጥሬ ገንዘብ ለስንት ወር እንደሚበቃ አስሉ።

የኒው ጀርሲውን ሆምታውን ኢንተርናሽናል ተመልከቱ። ሥራው ፖልስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለች አንዲት ሳንድዊች ቤት ነበረች። የ2019 እና የ2020 ሽያጯ አንድ ላይ 35,748 ዶላር ነው። በ2021 ግን ኩባንያው በገበያ ላይ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተተመነ! በ2022 ዐቃቤ ሕግና የገበያው ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ ሦስት ሰዎችን ከሰሱ። ክሱ እንደሚለው እርስ በርስ እየተሻሻጡ ዋጋውን ሰቅለዋል፤ ኩባንያውንም ለሪቨርስ ሜርጀር እያመቻቹት ነበር። የሳንድዊች ቤቷ ሽያጭ ግን የተደበቀ አልነበረም። ኤድጋር በሚባለው የኤስኢሲ መዝገብ ላይ ማንም በነጻ ሊያነበው ይችል ነበር።

ውህደቱ ሲያልቅ ሼል የነበረው ኩባንያ በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ 8-ኬ የሚባል ሪፖርት ማስገባት አለበት። የግሉ ኩባንያ ኦዲት የተደረገ ሂሳብ የሚገኘው እዚያ ነው። እሱን ሳታዩ አትግዙ፤ ዋጋው ቢያመልጣችሁም ያምልጣችሁ። ሪፖርቱ ሲወጣ ገቢው ከየት እንደሚመጣ፣ የድሮ አበዳሪዎች ስንት አክሲዮን እንደወሰዱ፣ መቼ መሸጥ እንደሚፈቀድላቸውም ፈልጉ። ካልገባችሁ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።