ጣሳ ሚዛን አይደለም

ባለፈው እትም ቤቴ ሳሙና እንደምሠራ በአንድ መስመር ጣል ባደርግ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። አንዱ ከመንዝ መሐል ሜዳ፣ ሌላው ከሸዋ ሮቢት። አንዷማ ሳሙናዋን በፌስታል ጠቅልላ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ድረስ ልካልኛለች። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል የሚመሳሰሉትን አጣምሬያለሁ። አስቀድሜ ልናገር፦ ኬሚስት አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ 8 ዓመት ሙሉ ሳሙና ሳበላሽና ሳስተካክል የኖርኩ ሴት ነኝ።

«እትዬ፣ ለበዓል ካረድናቸው በጎች የተረፈውን ሞራና ላት አቅልጬ ሳሙና ሠራሁ። ሁለት ጣሳ ሞራ፣ አንድ የቡና ስኒ ኮስቲክ ሶዳ። ሳሙናው በግ በግ ይሸታል። ሲነኩት ደግሞ ቅባቱ እጅ ላይ ይቀራል። ምን አጥፍቼ ነው?» (ከመሐል ሜዳ)

እህቴ፣ ያጠፋሽው ስኒዋ ላይ ነው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እኔም በቡና ስኒ ኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም ሞራውን ሳሙና የሚያደርገውን ኃይለኛ ኬሚካል፣ ሞልቼ መዘንኩ። ከከረጢቱ አፍ የወሰድኩት ቅርፊት 68 ግራም ሆነ። ከታች የደቀቀውን ስሞላበት ደግሞ ያችው ስኒ 80 አለፈች። አየሽ? ስኒዋ አንድ፣ ክብደቱ ሁለት። ሁለት ጣሳ ሞራሽ 1 ኪሎ ተኩል ቢሆን ወደ 200 ግራም ሶዳ ይፈልግ ነበር። አንቺ የሰጠሽው ሲሶውን ነው። የቀረው ሞራ ሳሙና ሳይሆን ሞራ ሆኖ ቀረ። እጅሽ ላይ የሚቀረው እሱ ነው።

ቅባት የበዛበት ሳሙና ሰው አይጎዳም፣ ቢበዛ ያናድዳል። ስኒዋ በሌላ አቅጣጫ ብትሳሳት ግን ቆዳ የሚልጥ ነገር ነበር የምትቆርጪው። ስለዚህ ግራም የሚያነብ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ሳትገዢ ሁለተኛ እንዳትጀምሪ። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽርም አብረሽ ግዢ።

የኔ ልክ ይኸውልሽ። ለ1 ኪሎ የተጣራ ሞራ፣ የበግም ይሁን የበሬ፣ 132 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 330 ግራም ውሃ። ውሃውንም በሚዛን ነው የምለካው። ይህ ልክ ከሞራው ጥቂቱን ሆን ብሎ ሳይነካ ይተወዋል፣ ቆዳ እንዳያደርቅ። ሳሙናው ሲደርቅ ድንጋይ ከሆነብሽ በሚቀጥለው ጊዜ ከኪሎው ሞራ 150 ግራሙን ቀንሰሽ በኑግ ዘይት ተኪው፤ ሶዳው ያው ነው። ከዚያ በላይ ኑግ አትጨምሪ። ሳሙናው ይልማል፣ ወራት ሲቆይም ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣና የቆየ ዘይት ይሸታል። ተልባ ደግሞ ይብስበታል።

አሁን ወደ ሽታው። መንዝ ላይ ሆኖ የበግ ሽታ ማማረር ድፍረት ነው፤ ግን ይለቃል። ሞራውን በትንንሹ ክተፊው። ድስት ውስጥ ከሞራው እኩል ውሃና አንድ ሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ በቀስታ ይንተክተክ። ሲቀልጥ በአሮጌ ነጠላ አጥልይውና ውጭ አሳድሪው። የእናንተ አገር ሌሊት እንደ እኛው ፍሪጅ ነው። ጠዋት ሞራው እንደ ዳቦ ረግቶ ከላይ ታገኚዋለሽ። ገልብጪውና ከሥሩ የተለጠፈውን ቡናማ ዝቃጭ በቢላ ፋቂው። ሽታው ያለው እዚያ ነው። ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋግሚው። በሦስተኛው ከሥር የሚቀረው ውሃ ጠርቶ ካየሽ በቃ። ላቱን ለብቻ አቅልጪው፤ ከሆድ ዕቃው ሞራ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን የላመ ሳሙና ይወጣዋል። ለአንድ እጅ ላት ሦስት እጅ ሞራ ጥሩ ነው።

«የትኛው ድስት ይሻላል? ቤት ያለው አሉሚኒየም ብቻ ነው።» (ከደብረ ሲና፣ ከጣርማበርና ከሌሎችም)

ሞራ ለማቅለጥ አሉሚኒየም ይሆናል። ሶዳ የነካው ነገር ግን አጠገቡ እንዳይደርስ! የመጀመሪያዬን የሠራሁት ሶዳውን የሸጠልኝ ሰው «ማንኛውም ዕቃ ይሆናል» ብሎኝ ነው። የሠርግ ስጦታ የነበረ ድስት ነበረኝ። ሶዳውን ስጨምር ድስቱ መንጫጫት ጀመረ፣ ቀጥሎ ግራጫ አረፋ፣ ቀጥሎ ጥቁር ውሃ። ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሲበላም እሳት የሚይዝ ጋዝ ያወጣል። ከሰል ምድጃው አጠገብ አለመቆሜ ተርፎልኛል። ድስቱ ዛሬ የዶሮ መጠጫ ነው።

የማይዝግ ብረት፣ ልባሱ ያልተላጠ ኢናሜል ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን። የእንጨት ማማሰያ ሶዳው ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ የፕላስቲክ ማንኪያ ይሻላል። ሁልጊዜ ደግሞ ሶዳውን ውሃው ላይ ነው የምትጨምሩት። ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የምትበጠብጡት ደጅ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ። ያለ እሳት ከ80 ዲግሪ በላይ ይግላልና የሚሟሟበትን ዕቃ በእጃችሁ አትያዙ። የተረፈውን ሶዳ በውሃ ጠርሙስ የምታስቀምጡ ደግሞ፣ በሞቴ ተዉ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

«ሶዳው እጄ ላይ ሲፈናጠቅ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ባሰብኝ።»

ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም አይደለም። የሚፈስ ውሃ ብቻ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ። ዓይን ከገባ እየታጠባችሁ ወደ ሐኪም።

«ሞራውንና የሶዳ ውሃውን አምስት ደቂቃ ሳማስለው እንደ አጥሚት ወፈረልኝ። ደስ ብሎኝ ካርቶን ውስጥ ገለበጥኩት። በማግስቱ ከላይ ነጭ ሞራ፣ ከሥር ውሃ። ውሃው ጣቴን አቃጠለኝ። ልኩን በሚዛን ነው የሠራሁት!» (ከደብረ ብርሃን)

ሳሙናዋን በፌስታል የላከችልኝ ይህቺ ናት። እኔንም በአንድ ታኅሣሥ ሦስት ጊዜ ያስለቀሰኝ ነገር ነው። ወፈረ እንጂ ሳሙና አልሆነም። ሞራ ከ40 ዲግሪ ወረድ ሲል ይረጋል። ታኅሣሥ ላይ የኛ ኩሽና ጠዋት ስንት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ደጅ ውርጭ አለ። የቀዘቀዘ የሶዳ ውሃ ለብ ያለ ሞራ ላይ ሲፈስ ሞራው ይረጋል፤ አንቺ ደግሞ «ደረሰልኝ» ትያለሽ። ሶዳው ሥራውን ሳይጀምር ታስሮ ይቀራል።

እኔ አሁን ሁለቱንም በቴርሞሜትር 50 ዲግሪ አካባቢ ሳላደርስ አላገናኝም። ባልዲውን ሙቅ ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ነው የማማስለው። በእጅ ግማሽ ሰዓትም፣ አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፤ በኤሌክትሪክ የእጅ መፍጫ ጥቂት ደቂቃ። እውነተኛውን ከውሸተኛው የምለይበት አለኝ። ከማንኪያው ጠብ ሳደርገው ላዩ ላይ መስመር ጥሎ ይቆያል፤ ጎን ላይ የተለጠፈውን በጣቴ (ጓንት አድርጌ) ሳሸው ደግሞ ልስልስ ይላል። የሞራ ፍርፋሪ ከተሰማኝ ውሸቱን ነው፣ ወደ ሙቀቱ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ካርቶኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሙሉ ቀን አልነካውም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ እየኖርን ሳሙናችን ለምን ይበርደዋል?

ያንቺ አልሞተም፣ እንዳትጥይው። ጓንት አድርገሽ፣ ሞራውንም ውሃውንም ጠብታ ሳታስቀሪ የማይዝግ ድስት ውስጥ መልሺው። ያንን ድስት የፈላ ውሃ ያለበት ትልቅ ድስት ላይ ጣጂው። መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ይወፍራል፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የተፈጨ ድንች ይመስላል። ያን ጊዜ ካርቶን ውስጥ ጠቅጠቅ አድርገሽ ሙዪው። መልኩ አያምርም፣ ግን ያጥባል። የላክሽልኝን ቁራጭ አብስዬ አረጋግጫለሁ። አሁን ካልሲ አጥብበታለሁ።

ሌሎቻችሁ ሳሙናው ላይ ስለሚወጣው ነጭ ዱቄት ጠይቃችኋል። እኛ ቤት «አመዳይ» እንለዋለን፤ ጠዋት የገብስ ማሳ ላይ ተኝቶ እንደምናየው ነው። ያልጨረሰው ሶዳ አየር ሲያገኘው የሚፈጥረው ነገር ነው። ፍቃችሁ ጣሉት።

«እዚህ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው። ማር ጨምሬበት ሳሙናው አብጦ መሐሉ ተሰነጠቀ።»

ማር ሙቀት ይጨምራል፣ አገራችሁም ይጨምራል። እኛ ብርድ ልብስ የምናለብሰውን እናንተ ራቁቱን ተዉት። ለኪሎ ሞራ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ይበቃል።

«ልጄ፣ እናቶቻችን ኮስቲክ የሚባል አያውቁም ነበር። በአመድና በእንዶድ ኬሚካል የሌለበት ሳሙና መሥራት አይቻልም ወይ?» (አንድ አባት፣ ከአንኮበር)

አባቴ፣ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ፤ ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሎበታል። አመዱም ቢሆን ኬሚካል ነው። ባልዲ ሥሩን ይበሱና ጭድ ያንጥፉበት፤ የወይራ ወይም የግራር አመድ ሞልተው የዝናብ ውሃ ያፍሱበት። ሌሊቱን የሚንጠባጠበው ሻይ የመሰለ ውሃ ቆዳ ይበላል። በብረት ድስት ሲያፈሉት እየጠነከረ ይሄዳል። ትኩስ የተጣለ እንቁላል ጥለውበት ጫፉ ብቅ ብሎ ከተንሳፈፈ ደርሷል። የኩበት አመድ ብዙ አያወጣም፣ አፈር ይበዛዋል። ለዚህ ብለው ግን ከወፍ ዋሻ ጫካ እንጨት እንዳያስቆርጡ፤ የምድጃው አመድ ይበቃል።

በዚህ ውሃ ሞራ ሰዓታት ቢቀቅሉ የሚያገኙት ቡናማና እንደ ለጋ ቅቤ የላመ ሳሙና ነው። አመድ ውስጥ ያለው ፖታሽ ስለሆነ አይጠጥርም። እየፈላ ጨው ቢጨምሩበት ሳሙናው ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሲቀዘቅዝም ይጠጥራል። እኔ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ። ለወግ ያህል ደስ ይላል። ለየቀኑ ግን አልመክርም፤ የአመድ ውሃ ጉልበቱ በየጊዜው ስለሚለያይ ሚዛኔ እዚያ ላይ አይሠራም።

እንዶድ ሌላ ነገር ነው። አያቴ ለጥምቀት ነጠላዋን በእንዶድ ነበር የምታጥበው። ፍሬውን ሙቀጫ ውስጥ ስትወቅጥ ቤቱ ሁሉ ያስነጥስ ነበር፤ እኛ ልጆቹ በር ላይ ቆመን እንስቃለን። ውሃ ሲነካው ነጭ አረፋ ይደፋል። ነጠላው ከማንኛውም ኦሞ ይልቅ ይነጣ ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ ነው የማስታውሰው። አረፋው ግን ከፍሬው ከራሱ ነው፣ ሞራም ሶዳም አይፈልግም። ስለዚህ ሳሙና ውስጥ መጨመሩ ትርፍ የለውም፤ ለብቻው ይጠቀሙበት። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ያዩት የእንዶድ ሌላ ጉልበትም አለ፦ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው። ያ ምልከታ በኋላ ለሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ቀንድ አውጣ የሚገድል ዓሣም ይገድላልና እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አይድፉት።

«ከሞራ የተሠራ ሳሙና በጾም መታጠብ ይቻላል?»

ይህንን ሦስት ሰው ጠይቆኛል። የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ የማውቀው ሳሙና እንደማይበላ ነው። ልባችሁ ካልፈቀደ በሚረጋው የፓልም ዘይት ሥሩት፣ ለኪሎ 134 ግራም ሶዳ። ጾም ለኔ የምትከብደኝ በሌላ በኩል ነው፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋና ሞራ ይጠፋል። ለዚህ የፋሲካ ሰሞን እሰበስብና አጣርቼ አስቀምጣለሁ።

«እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሠርተን መሸጥ እንፈልጋለን። ጤና አዳም ጨምረንበት ቡግር ያጠፋል ብንል ችግር አለው?» (ወጣት፣ ከደብረ ብርሃን)

አለው። ጤና አዳም ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ የሚያስቋጥረው ሰው አለ። «ቡግር ያጠፋል» ካልክ ደግሞ መድኃኒት ሸጥክ ማለት ነው፤ ሳሙና ሸጠህ እደር። እርጥብ ቅጠል በሶዳ ይጠቁራል፣ የሻጋታ መነሻም ይሆናል። መልክ ከፈለግህ ጥቂት እርድ፤ ብርቱካንማ ቢጫ ያወጣል። ፈቃዱን ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጀምሩ።

ስትቆርጡት አትሽጡት። 6 ሳምንት መደርደሪያ ላይ ይድረቅ፣ በክረምት ከዚያም በላይ። ለሽያጭ ከማውጣትህ በፊት ጣትህን አርጥበህ ሳሙናውን አሸት አድርግና ምላስህን ጫፉን ብቻ ነካ አድርግ። ልጅ ሆነን የባትሪ ድንጋይ ስንልስ እንደሚነዝረን ከነዘረህ ሶዳው አላለቀም፣ ይቆይ። ከ6 ሳምንት በኋላም ከነዘረህ ያንን ሙሉ ባልዲ ለሰው አትስጥ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ክብደቱን የምትጽፈው ከደረቀ በኋላ ነው። እኔ ስቆርጠው 120 ግራም የነበረው በስድስተኛው ሳምንት 106 ሆኖ አግኝቸዋለሁ። ጎረቤቴ በራሷ ሚዛን መዝና «14 ግራሟን ማን በላት?» ብላኛለች።