«ፕሬየር» ሁሉ ጸሎት አይደለም

ትርጉም ለምትጀምሩ ልጆቼ፤

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ተርጓሚ «ፕሬይ፣ ቢሲች፣ ኢምፕሎር፤ ሁሉም መለመን አይደሉም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰችብኝ። ከአሜሪካ በመጣ የፍትሐ ብሔር ክስ ላይ «ፕሬየር ፎር ሪሊፍ» የሚለውን ርእስ «የእፎይታ ጸሎት» ብሎ የተረጎመ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ።

ያስቃል፤ ግን ጉዳት አለው። ያ ክፍል የሚገኘው ክሱ መጨረሻ ላይ፣ ፍሬ ነገሩና የሕግ መሠረቱ ከተዘረዘሩ በኋላ ነው። ከሳሽ የሚፈልገው ካሳ፣ ወለድ፣ እግድ፣ የጠበቃ አበል ሁሉ የሚቆጠረው እዚያ ነው። «ጸሎት» የሚል ርእስ ያየ አንባቢ የመልካም ምኞት መዝጊያ ይመስለውና ገጹን ይገለብጣል፤ ስንት ዶላር እንደተጠየቀበት ሳያይ ይቀራል። የእኛ ፍርድ ቤት ቃሉን ካበጀው ቆይቷል፦ «የሚጠየቀው ዳኝነት»። «ሪሊፍ»ም እዚህ ላይ እፎይታ ሳይሆን ያው ዳኝነቱ ነው። ከሥሩ «ፕሌንቲፍ ፕሬይስ» ስታገኙ «ከሳሽ ይጠይቃል» በሉና እለፉ። ሰውየውን አታንበርክኩት።

የ«ፕሬይ» ሥር የሆነው የላቲኑ «ፕሬካሪ» አጥብቆ መጠየቅ ነው፤ ተጠያቂው አምላክም ሰውም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ የወሰደው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። የድሮው «ፕሪዚ» ከዚያው ቃል አጥሮ የወጣ ተራ «እባክህ» ነው። «ፕሪኬርየስ»ም የዚሁ ዘመድ ነው፦ በሮማ ሕግ «ፕሬካሪየም» ማለት ተለምኖ የተገኘ ይዞታ ነበር፤ ሰጪው ባሻው ቀን ይነጥቀዋል። ዋስትና የሌለው ኑሮ ዛሬ በዚህ ቃል የሚጠራው ለዚህ ነው።

የቃል አመጣጥ ለተርጓሚ አይጠቅምም የሚሉ አሉ፤ እኔም ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። የቃል ዘር ሲቆጥር ዐረፍተ ነገሩ የሚበላሽበት ብዙ ነው። ሆኖም «ኢምፕሎር» ውስጥ ልቅሶ አለ፣ «ሰፕሊኬት» ውስጥ ጉልበት ማጠፍ። «ቢሲች» የእንግሊዝኛ የራሱ ነው፤ መፈለግ ከሚለው ግሥ የወጣ። «ኢንትሪት» ግን መነሻው አንድን ጉዳይ መያዝ፣ መነጋገር ነው፤ እንባ የለበትም። ስልካችሁ አራቱንም «ለመነ» ይላችኋል፣ እናንተም ትቸኩላላችሁ። ለኢምፕሎር «ተማጸነ» ይሻላል፤ የግእዙ «ተማኅፀነ» «ሕፅን» ከሚለው፣ ከእቅፍ የሚዛመድ ነውና መጠጊያ መፈለግ አለበት። ለኢንትሪት «አጥብቆ ለመነ» ይበቃል። «አማለደ»ን ስለ ሌላ ሰው ለሚለመን ብቻ አቆዩት።

«ፕሊድ ጊልቲ» ጥፋተኛነትን ማመን እንጂ ልመና አለመሆኑን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፋለሁ። «ቢድ» ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ሁለት ጥንታዊ ግሦች፣ አንዱ መለመን ሌላው ማቅረብና ማዘዝ፣ ተቀላቅለውበታል። ከለማኙ ወገን ሌላ «ቢድ» አለ፤ ዶቃው ማለቴ ነው። መጀመሪያ ጸሎት ነበር፣ ኋላ ጸሎት የሚቆጠርበት የመቁጠሪያ ፍሬ ስሙን ወረሰ።

አንድ ቦታ ላይ ርእሴን ራሴ እሽረዋለሁ። ለእንግሊዝ ፓርላማ በሚቀርብ የድሮ አቤቱታ ማብቂያ ላይ አመልካቾቹ፣ ግዴታቸው እንደመሆኑ፣ «ዊል ኤቨር ፕሬይ» ይላሉ። ጥያቄያቸውን ከላይ ጨርሰዋል። እዚያ «ዘወትር እንጸልያለን» ብላችሁ ጻፉ።